ለቦሎ ቀን ብቻ የምትነሳ መኪና

አባቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አሮጌዋ ቮልሳቸው ከሽሮ ሜዳው ግቢ የምትወጣው ለዓመታዊው ምርመራ ብቻ ነው። ዘንድሮ ቁልፉን ተቀብዬ ላስነሳት ስል ባትሪዋ ሞቷል። በጎረቤት መኪና በኬብል አስነሳናት። ከበሩ ሳንወጣ ግን የፍሬን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

ጎረቤታችን በቅንነት መከረኝ፦ «የእኔን ባትሪ ግጠም፤ ፔዳሉን ደጋግመህ ስትረግጠው ይይዛል። ቦሎውን አውጣና ትመልስልኛለህ።» ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው ቁልቁለት በተማሪና በሸማኔ የተሞላ ነው። መርማሪውን ያለፈ ፍሬን እነሱን አያድናቸውም።

የጠራሁት መካኒክ የኋላውን ጎማ ሲፈታ የፍሬን ሲሊንደሩ ጎሚኒ ደርቆ ዘይት ያፈስ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ካልተቀየረ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ቆሞ የከረመ ጎማም መሬት የነካው ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ደህና ይመስላል እንጂ ዕድሜው በጥርሱ አይታወቅም። ባትሪም ሳይሠራ ኃይሉን ያጣል። ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ የሚያሳይ ባትሪ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋትም አይሞላውም።

በግቢያችሁ የቆመች መኪና ያላችሁ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዷት። የምርመራው ጊዜ ሳይደርስም ፍሬኗን አስፈትሹ። ባትሪ የሚያውሳችሁን ጎረቤት አመስግናችሁ መልሱት።