ጨለማውን ክሰሱት

እ.ኤ.አ. በ1980 ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን «ከተማዋ የጮኸችበት ሌሊት» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። ሬይመንድ በርና ሮበርት ከልፕን የመሳሰሉ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩ ተዋንያን ይተውኑበታል። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወበቅ ባየለበት ሌሊት የአንድ ታላቅ ከተማ መብራት ይጠፋል፤ ከተማዋም ታብዳለች። የዚያን ጊዜ ተመልካች ነገሩ ከየት እንደ ተቀዳ ለመገመት አይቸገርም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ 13 ቀን 1977፣ ኒው ዮርክ እንዲሁ ጨልማ ነበርና።

ከዚህ ፊልም ጋር ጠብ አለኝ። ጠቤ ከትወናው ወይም ካረጀው ምስሉ ጋር አይደለም፤ ከትምህርቱ ጋር ነው። ትምህርቱ፣ ሰው ማለት በአምፖል ብርሃን የታሰረ አውሬ ነው፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ አውሬውም ይወጣል የሚል ነው። ይህ ትምህርት ከፊልሙ ጋር አላረጀም። ዛሬም ስለ ድኻ ሰፈር ወሬ በተነሣ ቁጥር «ፖሊስና መብራት ባይኖርማ ምን ይውጠን ነበር!» የሚል አይታጣም። እኔ ግን ይህ ነገር ሐሰት ነው እላለሁ፤ የምጠራውም ምስክር ያችኑ ኒው ዮርክን ነው።

ኒው ዮርክ አንድ ጊዜ ብቻ አልጨለመችም። ኅዳር 9 ቀን 1965፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ፣ ካናዳ ውስጥ በሚገኝ የኃይል ማመንጫ አንድ መቆጣጠሪያ መሣሪያ መስመሩን ቆረጠ፤ ችግሩ ተዛምቶ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ገባ። በምድር ውስጥ ባቡር ብቻ 800,000 የሚሆን ሕዝብ ታግቶ ነበር። ከተማዋ አልጮኸችም፤ ሻማ አብርታ አደረች እንጂ። ነሐሴ 14 ቀን 2003 ደግሞ ከኦሃዮ በተነሣ ብልሽት 50 ሚሊዮን ሕዝብ መብራት አጣ። ያን ጊዜም ኒው ዮርክ በእግሯ ድልድይ እየተሻገረች በሰላም ቤቷ ገባች። የጮኸችው በ1977 ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጩኸቱ ብርቱ ነበር። 1,616 ሱቆች ተጎዱ፣ 1,037 የእሳት ቃጠሎዎች ተቆጠሩ፣ 3,776 ሰዎችም ታሰሩ።

እንግዲህ ጨለማው ሦስት ጊዜ ከመጣና ዝርፊያው አንድ ጊዜ ብቻ ከተከተለ፣ የዝርፊያው አባት ጨለማው ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

«በ1965 ወሩ ቀዝቃዛ፣ ሌሊቱም ጨረቃ ነበረ፤ ባለሱቆቹም ገና ከሱቃቸው አልወጡም ነበር» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ይህ ክርክር ክብደት አለው። ነገር ግን የ2003ቱ ነሐሴም እንደ 1977ቱ ሐምሌ የሙቀት ወር ነበር፤ ሌሊቱም መምሸቱ አልቀረም። ሙቀቱና ጨለማው ኖሮ እሳቱ ካልነደደ፣ ማገዶውን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

ማገዶው ሩቅ አይደለም። በ1975 ኒው ዮርክ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ወደ ኪሳራ አፋፍ ደርሳ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞቿን፣ ፖሊስና እሳት አጥፊ ጭምር፣ አሰናበተች። እስከዚያ ያለ ክፍያ ያስተምር የነበረው የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በ1976 ማስከፈል ጀመረ። እንደ ቡሽዊክ ያሉ ሰፈሮች መብራቱ ሳይጠፋ በፊት በሥራ አጥነትና በቃጠሎ ፈርሰው ነበር። ሥራዬ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ወጪውን ብቻ ነቅሶ ከየት እንደ መጣ የማያሳይ መዝገብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመን «ሌላውን ገጽ አምጣ» እንለዋለን። ፊልሙ የአንዲት ሌሊት ወጪ ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ነው። ሌላው ገጽ ተገንጥሏል።

ከተገነጠለው ገጽ ላይ የኩባንያውም ስም ይገኛል። በዚያች ሌሊት መብረቅ መስመሮችን መትቶ ነበር፤ ይህ የእግዜር ሥራ ነው እንበል። ነገር ግን ከመጀመሪያው መብረቅ እስከ ፍጹሙ ጨለማ አንድ ሰዓት ያህል አልፏል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ37 እስከ 3 ሰዓት ከ36። በዚያ ጊዜ የኮን ኤዲሰን ተቆጣጣሪ ከፊሉን ሰፈር አጥፍቶ የቀረውን ማዳን ይችል ነበር፤ እንዲያደርገውም ከግዛቲቱ የኃይል መቆጣጠሪያ ተነግሮታል። ዘገየ። አንድ የምግብ መደብሮች ድርጅት ኩባንያውን ከሰሰ፤ ዳኞችም ከባድ ቸልተኝነት ነው ብለው ፈረዱበት። በ1981 የግዛቲቱ የበላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው።

ሌላም ክስ ነበር። መብራት በመጥፋቱ የውኃ መግፊያው ቆመ፤ አንድ የ77 ዓመት አዛውንት ውኃ ፍለጋ ወደ ሕንፃው ምድር ቤት ሲወርዱ ከጨለመው ደረጃ ወድቀው ተጎዱ። በ1985 ያው ፍርድ ቤት የሰጠው መልስ፣ ለጋራው ደረጃ የመብራት ውል የገባው የሕንፃው ባለቤት እንጂ አዛውንቱ ስላልሆኑ ኩባንያው አይጠየቅላቸውም የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ሁለቱን አመዛዝን። ጫማ ያነሣው ጎረምሳ በዚያችው ሌሊት በካቴና ተይዞ በተጨናነቀና በጋለ እስር ቤት ቀናት ቆጠረ። ሚሊዮኖችን ያጨለመው ኩባንያ ግን በውል አንቀጽ ተከለለ። ይህን የመሰለ ታሪክ እያለ ፊልሙ መስታወት የሚሰብር እጅ መረጠ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ዘረፋውን ላጸድቅ አልተነሣሁም። በቡሽዊክ የተቃጠለው ሱቅ የዕድሜ ልክ ልፋቱን ያጣ ሰው ሱቅ ነበር፤ ያጠፋ በጥፋቱ ይጠየቅ። የምቃወመው ጥፋቱን ከሰው ተፈጥሮ ጋር አጣብቆ፣ አጥፊ ያደረገውን ኑሮ በነጻ ማሰናበትን ነው። ምክንያቱም «አውሬ ነው» የተባለ ሰው የሚያስፈልገው አጥር ነው፤ «ተርቧል፣ ሥራ አጥቷል» የተባለ ሰው ግን መልስ ይጠይቃል። ባለሥልጣን ሁሉ ከመልስ ይልቅ አጥር ይቀለዋል።

እኛ ለጨለማ እንግዳ ያልሆንን ሰዎች ይህን ትምህርት ከማንም ቀድመን ልንጠረጥረው ይገባን ነበር። በ2019 የግድቦች ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደለን ሻማ ገዝተናል፣ የእንጀራ ምጣዳችን ቀዝቅዟል፣ ወፍጮ ቤት ቆሟል፤ ጎረቤት ግን ጎረቤትን አልበላም። ይህንም የምለው እኛን ቅዱሳን ለማድረግ አይደለም፤ የሰፈር ትዕግሥት ማለቂያ የሌለው ጎተራ እንዳልሆነ አውቃለሁና። ጨለማ የሚገልጠው ቀን የተሠራውን ነው። ቀኑ መተሳሰብን ካከማቸ መተሳሰብ ይወጣል፤ ቀኑ በደልን ካከማቸም የሚወጣው በደል ነው።

ስለዚህ ፊልሙን የሚያይ ይይ፤ ሲጨርስ ግን ከዚያች ሌሊት በፊት የነበረውን ቀን ይጠይቅ።

ጨለማን ክሰሱት፣ ለፍርድም አቁሙት፤
ምስክር ሲጠራ ቀኑንም አትርሱት፤
ሌት የተወለደ የሌት ልጅ አይደለም፣
ቀን ያልተጸነሰ የሌሊት ግፍ የለም።