ፊት የታተመባት ቦርሳ

እርሳስ፣ ሳንቲም ወይም የመዋቢያ ዕቃ የሚያዝባት፣ አፏ በዚፕ የሚዘጋ ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ፣ የጥንት ጥቁር አሜሪካውያን ፎቶግራፍ ታትሞባት በአሜሪካ ገበያ ስትሸጥ ያየ ሰው፣ ትናንት ሥጋቸው በጨረታ የተሸጠ ሰዎች ዛሬ ደግሞ አምሳላቸው መሸጡ ነውር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ቁጣው ከሰው ፍቅር የመነጨ ነውና። ፍርዱ ግን የችኮላ ይመስለኛል።

በ1797 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኒው ዮርክ በባርነት የተወለደችው፣ በ1826 ጨቅላ ልጇን ታቅፋ ከጌታዋ ቤት የወጣችውና ኋላም በየአገሩ እየዞረች የሰበከችው ሶጆርነር ትሩዝ፣ ማንበብና መጻፍ ሳትችል የፎቶግራፍን ኃይል ከብዙ ሊቃውንት ይልቅ አስተውላ፣ ምስሏን በትንንሽ ካርድ እያሳተመች ለኑሮዋ መደጎሚያ ትሸጥ ነበር፤ ከሥሩም አካሏን ለመደገፍ ጥላዋን እንደምትሸጥ የሚገልጽ ቃል አሳተመች። በ1864ም የምስሉን መብት በፎቶግራፍ አንሺው ስም ሳይሆን በገዛ ስሟ በሚሺጋን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት አስመዘገበች። በዚያ ሥዕል ነጭ ቆብ ደፍታ፣ ነጭ ሻል ደርባና መነጽር አድርጋ፣ የጀመረችውን የሹራብ ሥራ በእጇ ይዛ፣ አበባና መጽሐፍ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ እንደ ቤት እመቤት ተቀምጣ ትታያለች፤ እንዲህ ሆና ለመታየት የመረጠችው ራሷ ናት። እንግዲህ የእርሷን ምስል በቦርሳ ላይ ማተም ያዋርዳታል ብሎ መሟገት፣ ባለቤቲቱ በሕይወቷ የሠራችውን ሥራ መንቀፍ ይሆናል።

በ1850 በደቡብ ካሮላይና፣ በኮሎምቢያ ከተማ፣ ሬንቲ የተባለ ባሪያና ልጁ ዴሊያ ልብሳቸውን ተገፈው የተነሡት ፎቶግራፍ ግን ሌላ ነው። ሥዕሉን ያዘዘው የሃርቫርድ መምህር ሉዊ አጋሲ፣ የሰው ዘር ምንጩ ልዩ ልዩ ነው ለሚለው ከንቱ ትምህርቱ ማስረጃ ፈልጎ ነበርና፣ የሁለቱ ሰዎች ፈቃድ ከቶ አልተጠየቀም። ይህ በማናቸውም ጨርቅ ላይ መውጣት የለበትም፤ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይውላል ቢባልም እንኳ።

የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ በ1900 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ካቀረባቸው ፎቶግራፎች መካከል፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው በኩራት የተነሡ የጆርጂያ ጥቁሮች አያሌ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ ስም ከሥዕሉ ጋር አልተጻፈም። እኔ ወደ መፍቀድ አዘነብላለሁ፤ ደምቀው የተነሡት ሊታዩ ነውና። ነገር ግን ሻጩ የሚታወቀውን ሁሉ፣ ማለት ስሙን፣ አገሩን፣ ዘመኑንና ያነሣውን ሰው፣ ሊጽፍ ይገባዋል፤ ልብስ ሰፊውም ስፌቱ በግንባር ላይ እንዳያልፍ ይጠንቀቅ፤ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ባለሥዕሉን ሰው ወይም ጌጥ የሚያደርገው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ለመጻፍ ቦታ የለም የሚል ምክንያት አይሠራም፤ በቦርሳዋ ውስጥ በተሰፋችው ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስለ አስተጣጠቧ በዝርዝር መጻፍ ተችሏልና።