እናቶቻችን የሚሠሩት ሹራብ ዋጋ አለው

የሲግድ በዓል አልፎ ብርዱ ሲጀምር የክር መደብሮች መልካቸውን ይለውጣሉ። የበጋው የጥጥ ክር ወደ ኋላ መደርደሪያ ይገባል፤ ሱፉና ወፍራሙ አክሪሊክ ከፊት ይደረደራል። ዛሬ ዛሬ ግን መደብሮች ክር ብቻ አይሸጡም። «ኑ፣ አብረን እንሥራ» እያሉ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ሻይ አፍልተው ሴቶችን ይጋብዛሉ። ለአፉላና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች እንዲህ ያለው ጥሪ ብዙ ጊዜ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው በኩል ነው የሚመጣው። እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ የምንሠራ ነርሶች ጥሪውን እንደግፋለን። ነገር ግን እናቶቻችን ወደዚያ ጠረጴዛ ከመቅረባቸው በፊት እነሱም፣ ልጆቻቸውም፣ ባለ መደብሮቹም ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ እንላለን።

በመጀመሪያ የምንደግፍበትን ምክንያት እንናገር። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ እናቶች እጃቸው ሥራ የሚያውቅ ነበር። በጎንደር መንደሮች ጥጥ ባዝተው፣ በእንዝርት ፈትለው፣ ልቃቂቱን ለሸማኔ ያደርሱ ነበር። ሸክላውና የመሶብ ስፌቱም የእነሱ ሙያ ነበር። እዚህ ሲደርሱ ይህን ሙያ የሚጠይቃቸው ጠፋ። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ እናት በየቢሮው ቅጽ እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ፤ «እስኪ የሚያውቁትን ያሳዩን» የሚላቸው ግን የለም። በሹራብ ጠረጴዛ ዙሪያ ማንበብ አያስፈልግም፤ የጎረቤትን እጅ አይቶ መከተል ይበቃል። ለቤት ጉብኝት ስንሄድ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር ተያይዞ የምናገኘው ብቸኝነት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለብሶ መውጣት፣ ስምን የሚጠራ ሰው ማግኘት፣ ጣትን ማንቀሳቀስ መድኃኒትን ባይተካም ለጤና ይጠቅማል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል፤ ግን ውድ ነው፤ በሙቅ ውሃ ከታጠበም ይኮማተራል። አክሪሊክ ርካሽና ለማጠብ ቀላል ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ክረምቱን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገብ ተቀምጠው ለሚያሳልፉ አረጋዊ የሚሠራ የትከሻ ልብስ ከሱፍ ቢሆን እንመርጣለን። በተለይ የስኳር ሕመም የእግር ስሜታቸውን የቀነሰባቸው ሰዎች ከማሞቂያው መራቅ አለባቸው። ለሕፃን ለስላሳ ጥጥ ይሻላል። ለሕፃን ካልሲ ወይም ጓንት የምትሠሩ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ፤ የተንጠለጠለ ክር በሕፃኑ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ሕፃኑ ሲተኛ ኮፍያው ይውለቅ፤ አልጋው ውስጥም የተሠራ ብርድ ልብስ ልቅ ሆኖ አይቀመጥ።

የአንድ አዋቂ ሹራብ ከ500 ግራም በላይ ክር ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በመጠቅለያው ላይ ያለው የቀለም መለያ ቁጥርም አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ቁጥሩ ከተለያየ «ያው ሰማያዊ ነው» የተባለው ክር ሲሠራ ደረቱና እጅጌው ይለያያል። ደረሰኝ አትጣሉ። ከ50 ሼኬል በላይ የተገዛ፣ ያልተፈታና ያልተሠራበት ክር በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ሻጩ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼኬል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ሊቀንስ ይችላል። የማይቸኩል ሰው ደግሞ የክረምቱን ክር ከፔሳሕ በኋላ፣ የበጋውን በመከር መጨረሻ ይፈልግ፤ መደብሮች መደርደሪያ የሚያራግፉት ያን ጊዜ ነው።

ዋናው ጉዳያችን ግን ሥራው ነው። አንድ መደብር «እማማ፣ ትንሽ ኮፍያ ይሥሩልን» ብሎ ክር ቢሰጥ፣ ኮፍያው ለሆስፒታል ሕፃናት የሚሄድ ከሆነ በጎ ሥራ ነው። ኮፍያው መስኮት ላይ ተሰቅሎ የሚሸጥ ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው። የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በዚህ አገር ከ1987 ጀምሮ አለ፤ በኤፕሪል 2025 ለአንድ ሰዓት 34.32 ሼኬል ነበር። ሻይና ብስኩት ደመወዝ አይሆንም። ብስኩቱማ ስኳር ላለባቸው እናቶች ጭራሽ ጉዳት ነው።

እናቶቻችን ያልለመዱት ነገር ዋጋ መጠየቅ ነው። «ለእጅ ሥራ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው» ይላሉ። በደቡብ ቴል አቪቭ በ2011 የተመሠረተውን ኩቺናቴ የተባለውን የሴቶች ማኅበር እንመልከት። ስሙ በትግርኛ የኪሮሽ ሥራ ማለት ነው። ከኤርትራና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ጥገኝነት ጠያቂ ሴቶች በኪሮሽ ቅርጫት እየሠሩ፣ አብረው ቡና እየጠጡ ገቢ ያገኛሉ። ወዳጅነቱና ክፍያው በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ሥራዋን በየጊዜው ለመሸጥ የምታስብ እናት ብቻዋን አትጀምር። እንደ ዖሴቅ ፓቱር መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በ2025 ጣሪያው በዓመት 120,000 ሼኬል ሽያጭ ነበር። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የገቢ ማሟያ የምታገኝ ደግሞ ከመሸጧ በፊት ትጠይቅ፤ ያልተነገረ ገቢ በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ይህን ማጣራት ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆች ድርሻ ነው።

ከባለ መደብሮች የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። «ነፃ» ተብሎ የተጠራ ዝግጅት በእውነት ነፃ ይሁን፤ ክር ካልተገዛ መቀመጥ የማይቻል ከሆነ በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ለአረጋዊ እግር ሩቅ ነው፤ በክረምት ደግሞ ቶሎ ይጨልማል፤ ስለዚህ ዝግጅቱ በጠዋት ይሁን፣ ወይም በወር አንድ ቀን ወደ ሰፈር ማትናስ ይምጣ። ለማን እንደሚሠራና ማን እንደሚሸጠው ከመጀመሪያው ይነገር። የሚያስተምሩ እናት ካሉ እንደ ማንኛዋም መምህርት ይከፈላቸው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እናቶች ሦስትም አራትም ሆነው ይሂዱ፤ ከመካከላቸው አንዷ ዕብራይስጥ የምታውቅ ትሁን፤ መርፌ ከማንሳታቸው በፊትም «ይህ ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።