«ወጣ» ስለሚባለው ቃል

አገር ቋንቋን ያስተምራል። በሜዳ ለሚኖር ሰው መንገድ ሁሉ መሄድና መምጣት ነው፤ በደጋና በቆላ መካከል ለሚኖር ግን መንገድ ሁሉ መውጣትና መውረድ ነው። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምትገኘው መካነ ሰላም ለዚህ መልካም ምስክር ናት። ይህች የቦረና ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእርስዋ በስተ ምዕራብ ምድሩ እያዘቀዘቀ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከወንዙም ማዶ ጎጃም ነው። ስለዚህ ለገበያ፣ ለፍርድ ወይም ለሕክምና ከቆላ ተነሥቶ የሚመጣ ገበሬ «ወደ ከተማ ወጣሁ» ቢል፣ የመንገዱን ልክ በእግሩ መዝኖ መናገሩ ነው።

ነገር ግን ይህ ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ከነበሩበት ተለይቶ ወደ ውጭ መሄድ ነው። ግእዝ ሁለቱን በሁለት ቃል ለይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ለፊተኛው «ዐርገ» ለኋለኛው «ወፅአ» ይላል። በዓለ ዕርገት ከፊተኛው፣ ኦሪት ዘፀአት ከኋለኛው ስማቸውን አግኝተዋል። አማርኛ ግን በ«ወጣ» ላይ ሁለቱንም ሥራ ጭኖበታል፤ እስራኤል ከግብፅ ወጡ ይባላል፤ ሙሴም ወደ ደብረ ሲና ወጣ ይባላል። «ዐረገ» የሚለው ለቅዱስ ነገር ብቻ ስለ ቀረ፣ ገበሬው ከነአህያው ወደ ገበያ ዐረገ ቢባል አድማጭን ያስቃል እንጂ ነገሩን አያቀናም።

ሁለቱ ፍች እርስ በርሳቸው እስከ መቃረን እንደሚደርሱ በዚያው ደጋ ያለችው መቅደላ ታሳያለች። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ አስረው ያቆዩአቸውን አውሮፓውያን በለቀቁ ጊዜ፣ እነዚያ ሰዎች ከአምባው ተነሥተው በታች ወደ ነበረው ወደ ጄኔራል ናፒየር ሰፈር ሄዱ። እግራቸው ቁልቁል ሲወርድ ሳለ ታሪኩ «ከመቅደላ ወጡ» ይላል፤ ትክክልም ነው። ወደ መቅደላ የወጣ ሽቅብ ሄዷል፤ ከመቅደላ የወጣ ግን ቁልቁል ሄዷል። በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ «ሕግ ወጣ» ሲባል ታወጀ ማለት ነው፤ «ከሕግ ወጣ» ሲባል ግን ሕግን ተላለፈ ማለት ነው። አንዲት «ከ» ነገሩን ሁሉ ትለውጠዋለች።

ጉዳቱ የሚመጣው «ከቆላ ወጣ» ተብሎ በተጻፈ ጊዜ ነው። በቆላ እርሻ ያለው ሰው የታመመ ልጁን ይዞ ጥቂት ሳምንት በመካነ ሰላም ቢቆይ፣ ጸሐፊውም በመዝገቡ «እገሌ ከቆላው ወጥቷል» ብሎ ቢያሰፍር፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ዳገቱን እንደ ወጣ ይረዳዋል። ከጊዜ በኋላ ግን የይዞታ ክርክር ተነሥቶ ወረቀቱ በደሴ ወይም በባሕር ዳር ቢነበብ፣ ዳኛው መሬቱን ጥሎ እንደ ሄደ ሰው ሊቈጥረው ይችላል። «ከሰበካው ወጣ» ተብሎ የተጻፈ ምእመንም በዚሁ ዓይነት ሊጐዳ ይችላል።

አንዳንድ ሰው፣ ሕዝቡ በአነጋገሩ ሲግባባ ኖሯል፤ ምን አዲስ ነገር መጣ ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ተናጋሪው በእጁ ዳገቱን እያመለከተ ይናገራልና ሰሚው አይሳሳትም። ወረቀት ግን የሚያመለክትበት እጅ የለውም፤ ተራራውንም ይዞ አይሄድም።

ስለዚህ ሕዝቡ አነጋገሩን እንዲለውጥ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጸሐፊው ግን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። አገሩን ትቶ የሄደውን «ለቆ ወጣ» ብሎ ይጻፍ፤ ለጉዳይ የመጣውን ደግሞ ከየት ተነሥቶ፣ ወደ የት፣ ለምን ጉዳይ፣ በስንት ቀን እንደ ወጣ፣ መመለሱንም ጨምሮ ይግለጽ። ጽፎም ሲጨርስ ለባለ ጉዳዩ ያንብብለት። ይህ ሁሉ ከሁለት መስመር የሚበልጥ ቀለም አይፈጅም።

ያ ገበሬ ዳገቱን የወጣው መብቱን ለማስጠበቅ ነው። በጸሐፊው ቸልታ ከመብቱ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ብዕር የያዘ ሰው ሁሉ ዕዳ ነው።