የአሥር አለቃው ማን ነው?



በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ሲጨዋወቱ፥ ወይም ጎረቤት ለቡና ተጠራርቶ ሲሰበሰብ፥ ነገሩ ከወዲያ ወዲህ ብሎ በመጨረሻ ወደ ጉቦ መድረሱ የተለመደ ነው። አንዱ ፍርድ ስላጣመመ ዳኛ ያወራል፤ ሌላው ያለ መማለጃ ፊርማውን ስለማያሳርፍ ሹም ይናገራል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ «ዘመኑ ከፋ» ይባልና ጉባኤው ይበተናል። እኛም ከእንዲህ ያለው ጭውውት ብዙ ጊዜ ተካፍለናል። ነገር ግን የሁላችንም ጣት ወደ ላይ ሲጠቁም እንጂ ወደ ገዛ ደረታችን ሲመለስ አላየንም። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ቅዱስ መጽሐፍ በሹማምንት ላይ የሚያሰማው ተግሣጽ እስከ የት ድረስ እንደሚወርድ ልንመረምር ወደድን።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፥ ሙሴ ብቻውን ተቀምጦ ከጥዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር ተመለከተውና፥ ሥራውን የሚያካፍላቸው ሰዎች እንዲሾም መከረው። የሚሾሙትም ለሥራው ብቁ የሆኑ፥ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፥ እውነተኞችና ያለ አግባብ የሚገኘውን ትርፍ የሚጠሉ ይሆኑ ዘንድ ነው። ልብ እናድርግ! ዮቶር የፈለገው እንዲህ ያለውን ትርፍ የማይቀበሉትን ብቻ አይደለም፤ የሚጠሉትን ነው። ሰው ፈርቶ እጁን ሊሰበስብ ይችላልና፤ የሚያየው በሌለ ጊዜ የሚጠብቀው ግን ጥላቻው ብቻ ነው።

ሹመቱም በአራት ማዕርግ ተከፈለ፤ የሺህ አለቃ፥ የመቶ አለቃ፥ የሃምሳ አለቃና የአሥር አለቃ ተባለ። በሀገራችን ሠራዊት ሻለቃ፥ መቶ አለቃ፥ ሃምሳ አለቃ፥ አሥር አለቃ ስንል ማዕርጎቹ ከዚሁ አቈጣጠር ጋራ አንድ ስም ይዘው እንሰማቸዋለን። እንግዲህ ዮቶር ለሺህ አለቃው የጠየቀውን ለአሥር አለቃው አላቀለለለትም፤ ለሁሉም መመዘኛው አንድ ነው። አሥር ሰው ምን ያህል ነው? አንድ ቤተሰብ ከነዘመዱ ነው። አንድ አባወራ፥ አንዲት እመቤት፥ የእድር ገንዘብ ያዥ፥ ሚዛን የያዘ ባለሱቅ፥ በክፍሉ ፊት የቆመ መምህር፥ እያንዳንዱ የአሥር አለቃ ነው።

ይህን ስንል የታላላቆቹን በደል ለማቃለል አይደለም። ብዙ የተሰጠው ብዙ ይፈለግበታል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 ወተቱን እየጠጡ፥ ጠጉሩን እየለበሱ፥ የሰባውን እያረዱ፥ የደከመውን በግ ያላጸኑትን እረኞች እግዚአብሔር መንጋውን ከእጃቸው እንደሚፈልግ አስጠንቅቋቸዋል። ነገር ግን የታላቁ በደል ያለ ታናናሾቹ እጅ አይፈጸምም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የናቡቴን ታሪክ እናንብብ። ንጉሥ አክዓብ የወይኑን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴም የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። ንግሥት ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፥ በማኅተሙ አትማ፥ ለናቡቴ ከተማ ሽማግሌዎችና ታላላቅ ሰዎች ላከች። ደብዳቤ በራሱ ሰው አይገድልም። አንብበው ጾም ያወጁ ሽማግሌዎች፥ በሐሰት የመሰከሩ ሁለት ሰዎች፥ ድንጋይ ያነሡ እጆች ነበሩ ናቡቴን የገደሉት። ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንድ ስንኳ እንቢ እንዳለ መጽሐፉ አይነግረንም።

ዛሬ የምንጠራበት ስም ራሱ ትምህርት አለው። «ሙስና» በግእዝ የመበስበስና የመጥፋት ስም ነው። የሚበሰብስ ነገር በአንድ ሌሊት አይፈርስም፤ በአንዲት ነቍጥ ይጀምራል። ኦሪትም በዘፀአት ምዕራፍ 23 መማለጃ የሚያዩትን ሰዎች ዓይን እንደሚያሳውር ያስተምራል። አስቀድሞ ዕውር የነበረውን አይደለም፤ የሚያየውን ነው።

ይህ ነቍጥ ከቤት መጀመሩን በሁለት አባቶች ታሪክ እናያለን። ካህኑ ዔሊ በሴሎ ሲያገለግል ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ከመሥዋዕቱ ሥጋ በግድ ይወስዱ ነበር። አባታቸው በቃል መከራቸው፤ ነገር ግን አልከለከላቸውም። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ተጠርቶ የሰማው የመጀመሪያው ነገር በዔሊ ቤት ላይ የሚመጣው ፍርድ ነበር፤ ሲነጋም እየፈራ ለጌታው ነገረው። ይህን በልጅነቱ የሰማው ሳሙኤል ራሱ ሸመገለና ልጆቹን ኢዮኤልንና አብያን በቤርሳቤህ ፈራጆች አደረጋቸው። እነርሱም መማለጃ ተቀበሉ፥ ፍርድንም አጣመሙ። ሽማግሌዎችም ወደ ሳሙኤል መጥተው ይህንኑ ምክንያት አድርገው ንጉሥ እንዲያነግሥላቸው ጠየቁ። ሳሙኤል እንደ ዔሊ አልተወቀሰም። ሆኖም ንጽሕና እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ እንደማይተላለፍ፥ ለእያንዳንዱ ትውልድ እንደ አዲስ መዘራት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

አሁን የራሳችንን በደል ብንሰውረው ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎችን ነጥብ ስንደምር፥ ሁለት ልጆች ከ50ው ማለፊያ ጎድለው እኩል 46 አገኙ። በዚያው ሳምንት የአንደኛው እናት አንድ ማሰሮ ማር ይዘው ከቤታችን መጡ። ስለ ፈተና አንድ ቃል አልተናገሩም። እኛም «የመምህር አክብሮት ነው» ብለን ተቀበልን። በማግስቱ የዚያን ልጅ ወረቀት እንደ ገና ስናነብ ዓይናችን ቸር ሆነና አስቀድሞ ያላየነውን 4 ነጥብ አገኘ። የሁለተኛውን ልጅ ወረቀት ግን አልገለጥነውም። እናቱ እንጀራ ሸጠው የሚያሳድጉት ልጅ ነበር።

ማሩ በማዕድ በቀረበበት ማታ፥ ከሁለቱ ልጆች ጋራ በአንድ ክፍል የሚማረው ልጃችን እንጀራውን እንደ ያዘ፥ «አባባ፥ ማር የሌላት እናት ምን ታመጣለች?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው የተንኰል አልነበረም። እውነተኛውን ሥርዐት የተማረ መስሎት ነበርና፥ ቀሪውን ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ባለቤታችን ቀና ብለው አዩን፤ እኛ ግን የምንመልሰው አጣን። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ለሕፃናት ዐሥርቱን ትእዛዛት ስናስተምር ኖረን፥ ለገዛ ልጃችን በአንድ ማሰሮ ሌላ ትእዛዝ አስተማርነው።

ሲነጋ ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ያደረግነውን ተናገርን። ሁለቱም ወረቀቶች በሌላ መምህር ታዩ፤ ሁለቱም ልጆች ሳያልፉ ቀሩ። የማሩን ዋጋ ይዘን ወደ ሴትዮዋ ቤት ስንሄድ ልጃችንን አስከትለን ነበር። እርሳቸውም ገንዘቡን ሳይነኩ፥ «የኔታ፥ መጀመሪያውን እንቢ ቢሉኝ ኖሮ አይከፋኝም ነበር፤ ልጄም ቢወድቅ በስንፍናው ነው እለው ነበር። አሁን ግን ምን ልበለው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠይቀን፥ ገንዘቡን በደጃፉ መደብ ላይ አስቀምጠን ተመለስን። ብዙ ጊዜ ሰላምታ ነሡን፤ አልተቀየምናቸውም። ከሰጪው ይልቅ ተቀባዩ ያሳዘናቸው በደል ነውና።

ከዚህ በኋላ በቤታችን ሦስት ነገር ደነገግን፤ ለአንባቢዎቻችንም እናካፍላለን።

አንደኛ፥ ስጦታ በመጣ ጊዜ «ይህን ወንበር ነገ ብለቅ ይህ ስጦታ ይመጣልኝ ነበርን?» ብለን እንጠይቃለን። ለወዳጅነት የመጣ እንደ ሆነ በምስጋና እንቀበለዋለን፤ ለወንበሩ የመጣ እንደ ሆነ ገና ከደጅ በትሕትና እንመልሰዋለን። ተቀብሎ ከመመለስ እንቢ ማለት እንደሚቀል ተምረናልና።

ሁለተኛ፥ የገዛ መብታችንን ለማግኘት ጉቦ ስንጠየቅ ዝም ብለን አንሰጥም። ጉዳያችን በጽሑፍ እንዲታይ እንጠይቃለን፤ ለከፈልነውም ደረሰኝ እንቀበላለን፤ ድኻ ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ብቻውን እንዳይቆም አብረነው እንሄዳለን። የሀገራችን ሕግ፥ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቍጥር 881/2007፥ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይቀጣል። ስለዚህ «ሁሉም ይሰጣል» ማለት በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት አያድንም።

ሦስተኛ፥ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቤተሰባችንን ሰብስበን «በቤታችን የማን ዕቃ አለ?» ብለን እንመረምራለን። ይህን ከሳሙኤል ወስደነዋል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 ሽማግሌው ነቢይ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፥ የማንን በሬ ወይም የማንን አህያ እንደ ወሰደ፥ ማንን እንደ ገፋ፥ ከማን እጅ መማለጃ ተቀብሎ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፥ ካለ እንዲመሰክሩበትና እንዲመልስ ጠየቀ። ሕዝቡም ምንም እንዳልወሰደ መሰከሩለት። እኛ እንደ ሳሙኤል ለመቆም ካልበቃን፥ እንደ ዘኬዎስ ለመመለስ እንችላለን። ያ የቀራጮች አለቃ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል በገባበት ቀን ነው መዳን ለቤቱ የሆነለት።

ልጃችን ዛሬ አድጎ የመንግሥት ሥራ ይዟል። የሰው ጉዳይ በእጁ ያልፋል። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ እናቱ ማር አቀረቡለት፤ እርሱም ፈገግ ብሎ «ይኼኛው የማን ነው?» አለ። የራሳችን ቀፎ መሆኑን ነገርነው፤ ባርከንም በላን።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ! የሺህ አለቆች ሁሉ አስቀድሞ በአንድ የአሥር አለቃ ቤት ያደጉ ልጆች ነበሩ። የነገው ዳኛ ዛሬ ማታ በማዕዳችን ተቀምጧል፤ እጃችንንም እያየ ነው። አምላከ ሳሙኤል እጃችንን ከመማለጃ፥ ዓይናችንን ከመታወር ይጠብቅልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።