«ጤፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ልጅ ይዞ የሚመጣ ወገን ስለ ሁርሊንግሃም አንድ ነገር ሰምቶ ይመጣል፤ «እዚያ የሀበሻ ምግብ አይቸግርም» ይባላል። እውነት ነው። በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድና በዙሪያው የሀበሻ ምግብ ቤት አለ፣ ቡና አለ፣ እቤታቸው ጋግረው እንጀራ የሚያከፋፍሉ እናቶች አሉ። ለብዙው መንገደኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ስንዴና ገብስ በሐኪም ለተከለከለ ልጅ ግን ከጉዞው ሁሉ አስጊው ቦታ ይኸው የራሳችን ማዕድ ሊሆን ይችላል። ቻፓቲ ስንዴ መሆኑን ወላጅ ያውቃል፣ ይጠነቀቃል። እንጀራ ሲያይ ግን ጤፍ ነው ብሎ ልቡ ያርፋል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዚህ ሰፈር እንጀራ ለምንሸጥም፣ ለምንገዛም፣ እንግዳ ለምንቀበልም ነው። ሐሳቤ አጭር ነው፤ ቅይጥ እንጀራ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ምን እንደተቀየጠበት አለመናገር ግን ነውር ነው።

በሽታው ሴሊያክ ይባላል። በስንዴ፣ በገብስና በመሳሰሉት እህሎች ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃል። አንጀት ሲጎዳ የተበላው በደንብ አይመጠጥም፤ ልጅ ከሆነ ተቅማጥ ይበዛበታል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ደም ያንሰዋል፣ እድገቱ ወደኋላ ይቀራል። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው። መጠኑም ቀላል አይደለም፤ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አንድ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» እንዲባል የሚፈቅደው በኪሎው ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም ካልበለጠ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ምን ያደርገዋል» የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ አይሠራም።

«የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ዱሮ እንዲህ ያለ በሽታ የት ነበር?» የሚል ሰው አይጠፋም። በሽታው ዱሮም ነበረ፤ ያልታወቀው መንስኤው ነው። ዊለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ጉዳዩ ከስንዴ ነው ብሎ ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 የጦርነቱ ክረምት በአገሩ ዳቦ ሲጠፋ ሌላው ሰው ሲራብ እነዚህ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ እንደገና ታመሙ። ጥናቱን በ1950 አቀረበ። በእኛም መንደር ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ ቀጥኖ «አልፋፋ ያለ» የሚባል ልጅ አይተን የምናውቅ ብዙ ነን።

ጤፍ በዚህ ጉዳይ በረከት ነው። ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ግሉተን የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነው በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ከኢትዮጵያዊ ቤት የተሻለ ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ እንጀራው በእርግጥ የጤፍ ከሆነ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላለች፤ ኋላም የላላው በጥቂቱ ነው። እኛ ነጋዴዎች ደግሞ ዋጋውን እናውቃለን። ናይሮቢ ላይ ንጹሕ ጤፍ የሚጋግር ሰው ወይ ውድ ይሸጣል ወይ ይከስራል። ስለዚህ ይቀየጣል። በሩዝ፣ በማሽላ ወይም በበቆሎ ከሆነ ሴሊያክ ላለበት ልጅ አያሰጋም። በስንዴ ዱቄት ወይም በገብስ ከሆነ ግን እንጀራ የመሰለ ዳቦ ነው ያበላነው። ዱቄቱ ንጹሕ ጤፍ ሆኖም እርሾው ከትናንቱ ቅይጥ ቡሆ የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ ወፍጮው ስንዴ ፈጭቶ ሳይጠረግ ጤፉን ተቀብሎ ይሆናል። ሽሮና በርበሬም በዚያው ወፍጮ ነው የሚያልፉት።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሴሊያክ አለባት። ባለፈው ክረምት ወደ እኔ ስትመጣ እናቷ ከአንዲት ጋጋሪ እንጀራ ገዛች፤ ስሟን አልጠራም። «ጤፍ ነው?» አለቻት። «የጤፍ ነው እንጂ!» አለች ሴትየዋ፣ ቅር ብሏት። ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ስታስመልስና ሆዷን ይዛ ስታለቅስ ከረመች። ኋላ ደግመን ስንጠይቅ «ለማለስለስ ያህል ጥቂት ፉርኖ ዱቄት ጣል አደርግበታለሁ» አለች። ሴትየዋ ውሸታም ናት አልልም። በእኛ አነጋገር «የጤፍ እንጀራ» ማለት ጤፍ ያለበት፣ ወይም ጤፍ የሚበዛበት ማለት ሆኗል። ጠያቂዋ «ስንዴ አለበት ወይ?» ማለቷ ነበር፤ ተጠያቂዋ የሰማችው «እንጀራሽ ጥሩ አይደለም» የሚል ነው። ጥያቄው ስድብ መስሎ እስከታየ ድረስ መልሱ እውነት ሆኖ አይመጣም።

ጋጋሪዎችና ባለምግብ ቤቶች ሆይ፤ የምጠይቃችሁ ከባድ አይደለም። ከረጢቱ ላይ የገባውን እህል በእስክሪብቶ ጻፉ፤ «ጤፍና ስንዴ»፣ «ጤፍና ሩዝ»፣ «ጤፍ ብቻ»። «ጤፍ ብቻ» ብላችሁ ለመጻፍ ደግሞ ዱቄቱ፣ እርሾውና ቡሆ ዕቃው የተለየ ይሁን፤ ምጣዱንም ቅይጡ ሳይነካው በቅድሚያ ለንጹሑ ተጠቀሙበት፤ ለይቶ መያዝ ቢቻል ደግሞ ይመረጣል። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ «አልችልም» በሉ። እሱም ለወላጅ ትልቅ መልስ ነው፤ ሩዝ ቀቅሎ ያበላል፣ ልጁ አይታመምም።

«ደንበኛ ይሸሻል» የሚለውን ስጋት እረዳለሁ፤ እኔም በንግድ ነው የማድረው። ነገር ግን ቅይጥ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ዋጋው ስለሚስማማው ነው፤ ስንዴ እንዳለበትም አብዛኛው ያውቃል። ተጽፎ ስላየው አይሄድም። ንጹሑን የሚፈልግ ደግሞ ጨምሮ ይከፍላል። አንድ ሰው ሁለት ዓይነት ዕቃ በሁለት ዋጋ ሲሸጥ ገበያው ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

አስተናጋጅ ለሆንን ደግሞ ስለ ጉርሻ ልናገር። ልጅ ሲመጣ «በሞቴ!» ብለን እናጎርሳለን፤ ፍቅራችን ነው። እናትየው «አይሆንላትም» ስትል «አንቺ ደግሞ አታካብጂ» እንላታለን፤ ወደ ጓዳ ስትገባ በድብቅ ቁራሽ ዳቦ እንሰጣለን። ልጁ ትልቅ ሰው የሰጠውን አይመልስም፤ እንዲያ አድርገን ነው ያሳደግነው። እናት የምትለውን ማመን እንግዳን ማክበር ነው። ማጎረስ ካማራችሁ ከልጁ ሳህን፣ እጃችሁን ታጥባችሁ አጉርሱት።

ጉዞ ላይ ላላችሁ ወላጆች የምለው ይህ ነው። ከቤት ከምታውቁት ንጹሕ ጤፍ ድርቆሽ አድርቃችሁ ያዙ፤ አይበላሽም፣ በትንሽ ወጥ ይፈተፈታል። ቆሎ ከሆነ የሽምብራ፤ በሶና ጭኮ ገብስ ናቸውና ይቅሩ። ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ የሚቀርበው ማንዳዚና ቻፓቲ ስለሆነ ስንቁ ለመንገዱ ብቻ ሳይሆን ለመዘግየትም ይብቃ። ጥሬ እህል ወይም ዱቄት በብዛት ይዞ ድንበር ማለፍ የዕፅዋት ጤና ፈቃድ ሊያስጠይቅ ስለሚችል የበሰለውን መያዝ ይቀላል። በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነ ከግሉተን ነፃ የሆነውን ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እዘዙ፤ በአየር መንገዶች ዘንድ መጠሪያው ጂ ኤፍ ኤም ኤል ነው። የሐኪም ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩ።

ናይሮቢ ከገባችሁ በኋላ የአገሬው ምግብ ይደግፋችኋል። ኡጋሊ የበቆሎ ነው፤ ጊዜሪ በቆሎና ቦሎቄ ነው፤ ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው፤ ሥጋ ጥብሱም ማጣፈጫ ዱቄት ካልተነሰነሰበት ይሆናል። ቺፕስ ግን ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆን ጠይቁ። በስዋሂሊ ስንዴ «ንጋኖ»፣ ገብስ «ሻዪሪ» ነው። «ምቶቶ ሁዩ ሃዌዚ ኩላ ንጋኖ» ማለት «ይህ ልጅ ስንዴ መብላት አይችልም» ማለት ነው። ልጁም ራሱ ይልመደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ ላይ ምልክቱን አይታችሁ የምትጠረጥሩ ካላችሁ፣ ከምርመራ በፊት ስንዴ አታስቁሙ። የደም ምርመራው የሚያሳየው ልጁ ግሉተን እየበላ ሳለ ነውና፤ ካቆመ በኋላ ውጤቱ ያለ በሽታ ሊመስል ይችላል።

ለሁላችንም የሚቀረው ይህ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጀራ ስትገዙ፣ ቤታችሁ የታመመ ልጅ ባይኖርም፣ «ምን ምን አለበት?» በሉ። አንዲት እናት ብቻዋን ስትጠይቅ ጨቅጫቃ ትባላለች። ሰፈሩ ሁሉ ሲጠይቅ ግን ጋጋሪዋ ሳትጠየቅ መጻፍ ትጀምራለች።