የኃያላን እርዳታ፤ ወንፈል ወይስ ቅጥር?

ገበሬ ወንድሜ፣ ገበሬ እህቴ፤

ከጎጃም ወይም ከሰላሌ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ፣ የእንጦጦን ተራራ አልፋችሁ ቁልቁል የምትወርዱት ወደ ጉለሌ ነው። በጉለሌ ዊንጌት የሚባል ሰፈር አለ። ዊንጌት የአንድ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ስም ነው። ይህ ሰው በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ በጎጃም በኩል የኢጣሊያን ጦር ወግቷል። በዚያው በጉለሌ ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፈው የሞቱ ወታደሮች የተቀበሩበት መካነ መቃብርም አለ።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ኃያል አገር ትንሽ ወዳጁን ከጠላት መከላከል ይገባዋል? ወይስ ሁሉም የየራሱን ቤት ይጠብቅ? ይህ የሹማምንት ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጦርነት ሲመጣ ልጁ የሚዘምትበት፣ ከብቱ የሚነዳበት፣ ማሳው ጦም የሚያድርበት ገበሬው ነው።

የኔ መልስ «አዎን፣ ይገባዋል» የሚል ነው። ነገር ግን እርዳታው እንደ ወንፈል ይሁን እንጂ እንደ ቅጥር አይሁን እላለሁ።

ወንፈልን ታውቁታላችሁ። ዛሬ አጨዳው የኔ ነው፤ ነገ ያንተ ነው። ሀብታሙም ደሀውም ቀኑን ይመልሳል። ቅጥር ግን ሌላ ነው። ቅጥረኛ ክፍያው ሲቋረጥ ማጭዱን ይዞ ይሄዳል። በአገሮችም መካከል እንደዚሁ ነው።

መጀመሪያ ወንፈሉ እንዴት እንደ ፈረሰ እንይ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ይህ ማኅበር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ አገሮች የመሠረቱት ነው። መቀመጫው ጄኔቭ ከተማ ነበር። በቃል ኪዳኑ መሠረት ደንቡን ጥሶ አንዱን አባል የወጋ፣ ሁሉንም እንደ ወጋ ይቆጠር ነበር።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ወረረችን። ማኅበሩ ኢጣሊያ ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈረደ። አንዳንድ ዕቃም እንዳይሸጥላት ከለከለ። ዋናውን ነገር፣ ነዳጅ ዘይትን ግን አልከለከለም። ያለ ነዳጅ አውሮፕላን አይበር፣ ካሚዮን አይሄድ! ወታደር የጫኑ መርከቦችዋ የሚያልፉበት የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ዘነበ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት አሉ። ኢትዮጵያ የመከላከያ ገንዘብ ብድር ብትጠይቅ፣ ከራስዋ በቀር ድምፅ የሰጣት አገር አልተገኘም። ሐምሌ ላይ እገዳውም ተነሣ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ለምን እንዲህ አደረጉ? ጀርመንን ስለ ፈሩ ኢጣሊያን ላለማስቀየም ነው። ታዲያ ጠቀማቸው? አልጠቀማቸውም። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ከጀርመን ጎን ቆማ በሁለቱም ላይ ጦርነት አወጀች። «ባልንጀራህ ሲታማ ለኔ ብለህ ስማ» የሚባለው ለዚህ ነው። የጎረቤቱ ክምር ሲቃጠል ዝም ያለ፣ እሳቱ ወደራሱ አውድማ ይመጣበታል።

እንግሊዝ ልትረዳን የመጣችው ያን ጊዜ ነው። አርበኞቻችን ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት በየዱሩ ሲዋደቁ ኖረዋል። ከእንግሊዝ ጋር ከናይጄሪያ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወታደሮች ደማቸውን አፍስሰዋል። ይህ አይካድም። ዋጋ ግን ተጠየቀበት። በኦጋዴን የእንግሊዝ አስተዳደር ቆየ። የመጨረሻው ክፍል ወደ እኛ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው።

ቃል ጠባቂ ሁልጊዜ ኃያሉ አይደለም። ሜክሲኮ ሩቅ አገር ናት፤ ከኃያላኑም አልነበረችም። ሆኖም የኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም አለች። በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ የሚባለው ለዚህ መታሰቢያ ነው።

ኢትዮጵያም ወንፈልዋን ከፍላለች። ደቡብ ኮሪያ ስትወረር የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ አደረገ። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። 121 ልጆቻችን እዚያ ወደቁ። አንድም አልተማረከም። ሐውልታቸው አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ቆሟል።

አሁን ደግሞ ቅጥሩን እንይ። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ተዋዋሉ። አሜሪካ አሥመራ ላይ ቃኘው ጣቢያ የተባለውን የሬዲዮ ሰፈር ያዘች፤ ለኛ መሣሪያና አሠልጣኝ ሰጠች። ውሎ አድሮ ሳተላይት ሲመጣ የጣቢያው ጥቅም ቀነሰ። በ1969 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ተጣሉ፤ እርዳታውም ቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ወረረን።

ሶማሊያን ያስታጠቃት ማን ነበር? ሶቪየት ኅብረት ነበረች። በ1966 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ፈርመው ነበር። ነገር ግን ሶቪየት ፊትዋን ወደ ኢትዮጵያ አዞረች። በ1970 ዓ.ም. ታንኩና መድፉ በአውሮፕላንና በመርከብ ጎረፈ። የኩባ ወታደሮችም ከኛ ጋር ተሰለፉ። በየካቲት ጅጅጋ ነፃ ወጣች። እርዳታው ጠቅሞናል። ግን ልብ በሉ፤ ለኛ ሲል ትናንት የተዋዋለውን የተወ፣ ነገ እኛንም ሊተው ይችላል።

ኅዳር 1971 ዓ.ም. እኛም ከሶቪየት ጋር የሃያ ዓመት ውል ፈረምን። ሃያው ዓመት ሳይሞላ እርዳታው ነጠፈ። በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ራስዋ ፈረሰች። የመሣሪያው ዕዳ ግን ቀረ። አብዛኛው የተሰረዘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በቅርቡም የሆነውን እንመልከት። ዩክሬን በ1987 ዓ.ም. በእጅዋ የነበረውን የኑክሌር መሣሪያ ለመተው ተስማማች። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሩሲያ ድንበርዋን እናከብራለን ብለው ፈረሙ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ግን ከፈራሚዎቹ አንድዋ ሩሲያ ጦርዋን አዘመተችባት።

«የሩቅ አገር ሰው ልጁን ለኛ ለምን ይገብራል?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ የኮሪያ ዘማቾች እናቶችም አልቅሰዋል። ቃል ያልገባ አይገደድ። የገባ ግን ቃሉን ይጠብቅ። ቃሉን አምኖ የተቀመጠ ሕዝብ ሌላ መጠጊያ አላዘጋጀምና። ደግሞም የትንሹ ጥቃት ያለ ቅጣት ካለፈ ወራሪው ይደፋፈራል። ጉዳቱ ለኃያሉም ይተርፋል።

ለኛ ለትንንሾቹ ደግሞ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት አለን። ረዳት ቢመጣም ባይመጣም አገሩን የሚጠብቅ ባለቤቱ ነው። አርበኞቹ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ኖሮ ረዳቱ መጥቶ ማንን ያገኝ ነበር?

እንግዲህ መንግሥት ከሌላ አገር ጋር ተዋዋለ ሲባል ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ሰጡን? ምን ወሰዱ? መቼ ያበቃል? ፊደል ቆጥራችኋል፤ ውል ማንበብ ትችላላችሁ። በማኅበራችሁ ስብሰባም ተወያዩበት። ወንፈልን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።